በእርግዝና ላይ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን፦ ቦታውን የሳተ ፍርሃት

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «ትርፍ አንጀት ያለ ኦፕራሲዮን በመድኃኒት ይድናል» የሚል ዜና ደጋግሞ ይሰማል። ከመሬት የተነሣ ወሬ አይደለም። ትልልቅ ጥናቶች አሉት። ችግሩ ዜናው ከሰው ሰው ሲቀባበል አንድ ነገር መንገድ ላይ መቅረቱ ነው። በእነዚያ ጥናቶች ውስጥ ነፍሰ ጡር ሴቶች አልነበሩም።

ነፍሰ ጡሮች ጋ ሲደርስ ደግሞ ዜናው ከአንድ የቆየ ፍርሃት ጋር ይገጥማል። «እርጉዝ ሴት እንዴት ቢላ ይነካታል? ልጁስ?» የሚለው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ለጆሮ የሚጥም ምክር ይወለዳል፦ ለጊዜው በመድኃኒት ትቆይ፣ ኦፕራሲዮኑ ከወለደች በኋላ ይደርሳል።

ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። ግን አደጋውን የሚፈልገው በሌለበት ቦታ ነው። ነፍሰ ጡርና ጽንስ በትርፍ አንጀት ሲጎዱ፣ ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከቢላው ሳይሆን ከባከነው ሰዓት ነው። በሌላ በኩል «ከጠረጠርክ ክፈት» የሚለው የድሮ የቀዶ ሐኪሞች መልስም በነጻ አይገኝም። ስለዚህ «ትቀደድ ወይስ ትቆይ» የሚለው ክርክር ራሱ ያሳስታል። መጠየቅ ያለበት ምርመራው በምን ያህል ፍጥነት እርግጡን ያሳውቃል የሚለው ነው።

## ሆድ ውስጥ ምን ይሆናል

ትርፍ አንጀት ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ የተንጠለጠለች፣ ጫፏ የተደፈነ ቀጭን ቱቦ ናት። ርዝመቷ ከጣት ብዙ አይበልጥም። ቀዳዳዋ በደረቀ ሰገራ ወይም በእብጠት ሲዘጋ ውስጧ ያለው ፈሳሽ መውጫ ያጣል። ባክቴሪያ ይራባል። ግድግዳዋ ያብጣል፤ ግፊቱ የደም ዝውውሩን ያፍነዋል። ደም ያጣው ግድግዳ ይሞትና ይበሳል። ያን ጊዜ መግልና ሰገራ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሳል። በተለምዶ «ፈነዳ» የሚባለው ይኸው ነው።

ባላረገዘች ሴት ሰውነት አንድ መከላከያ አለ። አንጀትን የሚሸፍነው ሞራ ወደ ታመመው ቦታ ሄዶ ይለጠፍና መግሉን ይከብበዋል። ኢንፌክሽኑ እዚያው ይታጠራል። እርግዝናው ሲገፋ ግን ማህፀን ሞራውን ወደ ላይ ይገፋዋል። መድረስ ያለበት ቦታ አይደርስም። ስለዚህ ትርፍ አንጀቷ የፈነዳባት ነፍሰ ጡር መግሉ በሆዷ ሁሉ የመሰራጨት ዕድሉ ሰፊ ነው። የተቆጣው የሆድ ዕቃ ደግሞ ማህፀንን ያነሣሣል። ማህፀን መኮማተር ይጀምራል፤ ያለጊዜው ምጥ ይመጣል። ጽንሱ የሚጎዳው በዚህ መንገድ ነው።

ሕመሙ ከ1,000 እስከ 1,500 በሚደርሱ እርግዝናዎች አንድ ጊዜ ያህል ያጋጥማል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከእርግዝናው ጋር በቀጥታ ከማይያያዙ ምክንያቶች ነፍሰ ጡሮችን ለድንገተኛ ኦፕራሲዮን ከሚያበቁት ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። እርግዝና በራሱ ትርፍ አንጀትን አያስታምምም። እንዲያውም በመጨረሻዎቹ ወራት ሕመሙ በዚያው ዕድሜ ካሉ ያላረገዙ ሴቶች ያነሰ ነው። ሲይዝ ግን በእነዚያ ወራት የመፈንዳት ዕድሉ ይጨምራል። ምክንያቱ አንድም አሁን ያየነው የሞራው ነገር ነው፤ ዋናው ግን በሽታው ዘግይቶ መታወቁ ነው።

## ምልክቱ ለምን ያምታታል

የትርፍ አንጀት ታሪክ በሕክምና መጻሕፍት ላይ ጥርት ያለ ነው። ሕመሙ እምብርት አካባቢ ይጀምራል። የምግብ ፍላጎት ይጠፋል። ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተላል። ከሰዓታት በኋላ ሕመሙ ወደ ታችኛው ቀኝ ሆድ ይወርድና እዚያ ይተክላል። ትኩሳት ይጨመራል። ደም ሲመረመር ነጭ የደም ሕዋስ ከፍ ይላል።

አሁን ይህን ዝርዝር ለነፍሰ ጡር አንብቡት። ማቅለሽለሽ? በመጀመሪያዎቹ ወራት የማያቅለሸልሻት ስንት ናት? ምግብ አለመፈለግ? እሱም አዲስ አይደለም። ሆድ አካባቢ መውጋት? ማህፀንን የያዙት ጅማቶች ሲለጠጡ ይወጋል፤ ብዙዎቹ ለምደውታል። ነጭ የደም ሕዋስስ? በጤነኛ አዋቂ ሰው ከ11,000 በላይ ሲሆን ሐኪም ይጠራጠራል። በእርግዝና ግን ምንም ሕመም ሳይኖር 16,000 ሊደርስ ይችላል። ምጥ ላይ ደግሞ ከ20,000 ይዘልላል። ሌላ ጊዜ ማንቂያ ደወል የነበረው ቁጥር እዚህ ብዙም አይናገርም።

የእጅ ምርመራውም ይዳከማል። ሐኪሙ ሆድ ሲጫን ጡንቻው ድርቅ ማለቱ፣ ሲለቅ ደግሞ ሕመሙ ብው ማለቱ ትልልቅ ምልክቶች ናቸው። የሚመጡት የተቆጣው ትርፍ አንጀት የሆድን የውስጥ ሽፋን ሲነካ ነው። የተነፋ ማህፀን ግን በመካከላቸው ይገባል። የሆዱን ግድግዳ ከትርፍ አንጀቱ ያርቀዋል። ስለዚህ ውስጡ እየነደደ ሆዱ ለእጅ ለስላሳ ሊሆን ይችላል።

ሕመሙ የት ይሰማል የሚለው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1932 (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤር የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ የነፍሰ ጡሮችን ሆድ በራጅ እያነሡ ተከታተሉ። ትርፍ አንጀት በማህፀን እየተገፋ ወር በወር ወደ ላይ እንደሚወጣ ጻፉ። ዛሬ ነፍሰ ጡርን ለእንዲህ ዓይነት ጥናት ደጋግሞ ራጅ ማንሣት የሚታሰብ አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን ይደረግ ነበር። ከዚያ ወዲህ «በስምንተኛው ወር ትርፍ አንጀት የሚያመው ጎን ላይ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ነው» የሚለው ትምህርት ሥር ሰደደ። የኋለኞቹ ጥናቶች ይህን አለዘቡት። መገፋቱ ከሴት ሴት ይለያያል፤ አንዳንዷ ላይ ብዙም አይገፋም። በየትኛውም ወር ብትሆን በብዛት የሚታየው ሕመም አሁንም የታችኛው ቀኝ ሆድ ሕመም ነው። ከፍ ብሎ የሚሰማትም አለች። ሁለቱንም አለመርሳት ነው።

በጣም የሚያሳስተው ግን የሽንት ምርመራ ይመስለኛል። ትርፍ አንጀት ከኩላሊት ወደ ፊኛ ለሚወርደው ቱቦ ቅርብ ናት። ስትቆጣ ጎረቤቷንም ታስቆጣለች። ሽንት ውስጥ ነጭ ሕዋስ ይገኛል። በእርግዝና ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የተለመደ ነው። የሆድ ሕመም፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ነጭ ሕዋስ ያለበት ሽንት፤ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ወረቀቱ ላይ «የሽንት ኢንፌክሽን» ተብሎ ይጻፋል። ሴትዮዋ ክኒኗን ይዛ ቤቷ ትገባለች። ሦስት ቀን መድኃኒት ውጣ ስትመለስ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል። የምርመራ ውጤቱ ውሸት አልነበረም። የተነበበው ግን ለብቻው ነው።

የሆድ ሕመም ሁሉ ትርፍ አንጀት አይደለም፤ ይህም መነገር አለበት። መጀመሪያ ላይ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና፣ የዞረ እንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚያፈራው አካል)፣ የኩላሊት ጠጠር፣ የሐሞት ከረጢት፣ ኋላ ላይ የእንግዴ ልጅ ቀድሞ መላቀቅ ወይም የእርግዝና ደም ግፊት ጉበትን ሲነካ፤ ሁሉም ሊመስሉት ይችላሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከትርፍ አንጀት የባሰ ይቸኩላሉ። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙና የማህፀንና ጽንስ ሐኪሙ አንድ አልጋ አጠገብ ቆመው ቢነጋገሩ የሚበጀው ለወግ አይደለም።

## በምስል ማየት

የመጀመሪያው መሣሪያ አልትራሳውንድ ነው። በድምፅ ሞገድ ይሠራል፤ ጨረር የለውም። ባለሙያው የመሣሪያውን እጀታ ቀኝ ሆድ ላይ ቀስ በቀስ እየተጫነ አንጀት ውስጥ ያለውን አየር ገፋ ያደርጋል። ጤነኛ አንጀት ሲጫኑት ይጨፈለቃል። ያበጠች ትርፍ አንጀት ግን አትጨፈለቅም፤ ስፋቷም ከ6 ሚሊሜትር ያልፋል። ይህ ከታየ ነገሩ በአብዛኛው አለቀ ማለት ነው።

ሳይታይስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «አልትራሳውንድ ምንም አላሳየም» ማለት «ትርፍ አንጀት አይደለም» ማለት አይደለም። ትርፍ አንጀቷ አልተገኘችም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። በተለይ በኋለኞቹ ወራት ማህፀን ስለሚጋርዳት ፍለጋው ይከብዳል። ውጤቱ በአንሺው ችሎታ ላይም ይወሰናል።

ቀጣዩ ኤምአርአይ ነው። በማግኔትና በራዲዮ ሞገድ የሚሠራ ማንሻ ነው፤ ይኸኛውም ጨረር የለውም። ለዚህ ጉዳይ ያለ ማቅለሚያ ይነሣል። ጋዶሊኒየም የሚባለው ማቅለሚያ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ስለሚያልፍ አይሰጥም። ውጤቱ በጣም የሚታመን ነው። ጣጣው በየቦታውና በየሰዓቱ አለመገኘቱ ነው።

ኤምአርአይ ከሌለ ሲቲ ስካን ይቀራል። በራጅ ጨረር ሆድን ንብርብር አድርጎ የሚያሳይ ማሽን ነው። ነፍሰ ጡር ሲቲ ስካን ትነሣ ሲባል ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ባለሙያም ይደነግጣል። የጨረር መጠን በሚሊግሬይ ይለካል። በጽንስ ላይ የአፈጣጠር ጉድለት ወይም ውርጃ ያመጣል ተብሎ የሚያሰጋው መጠን ከ50 ሚሊግሬይ በላይ ነው። የአንድ ጊዜ የሆድ ሲቲ ስካን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ይቆያል። ልጁ ወደፊት ካንሰር የመያዝ ዕድሉን በትንሹ ሊጨምር ይችላል፤ ስለዚህ እንዲሁ በዘፈቀደ አይታዘዝም። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ አቋም ግን ግልጽ ነው። ምርመራው አስፈላጊ ከሆነና ሌላ አማራጭ ከሌለ፣ እርግዝናን ምክንያት አድርጎ መከልከል ትክክል አይደለም። እኔም እዚህ ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር አይታየኝም። ከአንድ ሲቲ ስካን ይልቅ ሳይታወቅ የሚፈነዳ ትርፍ አንጀት እጅግ የከፋ ነው።

## ሁለት ስህተቶች፣ ሁለት ዋጋዎች

ባብለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1908 አንድ ነገር ጽፎ ነበር። ሐሳቡ በእርግዝና ላይ በትርፍ አንጀት የሚመጣው ሞት የመዘግየት ሞት ነው የሚል ነው። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት፣ ደም መስጠትም ገና ባልተለመደበት ዘመን የተባለ ነው። ዛሬ እናት በዚህ ሕመም መሞቷ ጥሩ ሆስፒታል ባለበት ሁሉ ብርቅ ሆኗል። ለጽንሱ ግን የባብለር ቃል አላረጀም። ትርፍ አንጀቱ ሳይፈነዳ ከወጣ ጽንሱን የማጣት ዕድል ከመቶ በጥቂት እጅ የሚቆጠር ነው። ከፈነዳና መግሉ ከተሰራጨ አደጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ በቆዩ የሆስፒታል ዘገባዎች ላይ ከመቶ 20 እና ከዚያም በላይ ተመዝግቧል።

ለረጅም ጊዜ ከዚህ የተወሰደው ትምህርት ቀላል ነበር። ከተጠራጠርክ ክፈት፣ ጤነኛ ሆኖ ብታገኘውም ምንም አይደለም። ይህን እምነት የሚፈታተን ትልቅ መረጃ በ2007 ከካሊፎርኒያ ወጣ። የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው 3,133 ነፍሰ ጡሮች መዝገብ ታየ። ከ100ው 23ቱ ላይ የወጣው ትርፍ አንጀት ጤነኛ ነበር። ባላረገዙት ሴቶች ቁጥሩ 18 ነበር። ጽንስ የማጣቱ መጠን ደግሞ እንዲህ ሆነ፦ ቀላል ሕመም ባላቸው ከመቶ 2፣ ለከፋባቸው ከመቶ 6፣ ትርፍ አንጀታቸው ጤነኛ ሆኖ በተገኘው ከመቶ 4። ያለጊዜው መውለድም በተመሳሳይ ቅደም ተከተል 4፣ 11 እና 10 ነበር።

የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ብዙዎችን አስደነገጡ። በከንቱ የተደረገ ኦፕራሲዮን ከከፋው ሕመም ብዙም የማይርቅ ጉዳት አለው እንዴ? ትርጓሜው ላይ ሐኪሞች ይለያያሉ። አንደኛው ወገን «አዎ፣ ሆድ መክፈት ራሱ ቀላል ነገር አይደለም» ይላል። ሌላው ወገን ጥያቄ ያነሣል። እነዚያ ሴቶች ሆዳቸውን ያመማቸው ያለምክንያት አልነበረም። ከትርፍ አንጀት ሌላ የሆነ ሕመም ነበረባቸው። እርግዝናውን የጎዳው ያ ያልታወቀው ሕመም ቢሆንስ? መዝገቡ ይህን አይለይም። ሁለተኛው ክርክር ጠንካራ ነው፤ ቢሆንም የሚያደርሰው ከአንደኛው ብዙም ወዳልራቀ ቦታ ነው። በችኮላ መክፈት እውነተኛውን በሽታ ካላገኘ፣ እሱም በሌላ መልኩ መዘግየት ነው። ዛሬ ከኦፕራሲዮን በፊት ምስል እንዲነሣ የሚወተወተው ለዚህ ነው። ምስሉ ግን ሰዓታት እንጂ ቀናት ሊወስድ አይገባም።

## ሆድ መክፈት ወይስ ላፓራስኮፒ

ላፓራስኮፒ ማለት ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በሁለት ሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቶ መሥራት ነው። ለማየትና ለመሥራት ቦታ እንዲኖር ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋል። ትርፍ አንጀትን በዚህ መንገድ መጀመሪያ ያወጣው ኩርት ዜም ነው። በ1980 በጀርመን በኪል ከተማ። የሚገርመው ዜም የማህፀን ሐኪም እንጂ የአንጀት ቀዶ ሐኪም አልነበረም። በሥራው የተቆጡ ቀዶ ሐኪሞች ከሙያው እንዲታገድ እስከመጠየቅ ደርሰው ነበር። ዛሬ መንገዱ የዓለም ልማድ ሆኗል።

ለነፍሰ ጡር ግን ላፓራስኮፒ ለዓመታት ተፈርቶ ቆይቷል። ፍርሃቱ ሦስት ነበር። መርፌው ወይም መሣሪያው ማህፀን ቢወጋስ? የጋዙ ግፊት ወደ ማህፀን የሚሄደውን ደም ቢቀንስስ? ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ እናቲቱ ደም ገብቶ ጽንሱን ቢጎዳስ? ሦስቱም ከሜዳ የመጡ አይደሉም። ለእያንዳንዳቸውም መልስ የተገኘው በኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ ነው።

መጀመሪያ አተኛኘቷ ነው። ከ20 ሳምንት በኋላ ነፍሰ ጡር በጀርባዋ ጭራሽ ቀጥ ብላ አትተኛም። ማህፀን ከጀርባ ያለውን ትልቅ የደም ሥር ይጫነዋል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ ግፊቷ ይወርዳል። ስለዚህ ቀኝ ጎኗ ሥር ደገፍ ተደርጎ ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ከዚያ ሐኪሙ የማህፀኑን ጫፍ በእጁ ይፈልጋል። በ20 ሳምንት እምብርት ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያልፈዋል። የመጀመሪያው ቀዳዳ ሌላ ጊዜ እምብርት ላይ ነው። አሁን ግን ከማህፀኑ ጫፍ በላይ ከፍ ይደረጋል። ብዙዎች በጭፍን ከመውጋት ይልቅ ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን እያዩ መክፈት ይመርጣሉ። የጋዙ ግፊት ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይያዛል። ከእናቲቱ ትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በየደቂቃው ይለካል፤ ከፍ ሲል ማደንዘዣ ሰጪው አተነፋፈሷን ያስተካክላል። የጽንሱ የልብ ምት ኦፕራሲዮኑ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ይደመጣል።

ቁጥሮቹስ ምን ይላሉ? በ2012 የበርካታ ጥናቶችን ውጤት የደመረ ትንተና ላፓራስኮፒ ጽንስ የማጣትን አደጋ ወደ እጥፍ እንደሚያደርስ አሳየ። ዜናው የሚያሳስብ ነበር። ቀረብ ብሎ ሲታይ ግን ሚዛኑን የደፋው አንድ ጥናት ነበር። ያው ከላይ ያየነው የካሊፎርኒያው መዝገብ ነው። ለክፍያ የተሰበሰበ መዝገብ ስለሆነ እርግዝናው የስንት ሳምንት እንደነበር በደንብ አይናገርም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ላፓራስኮፒ በብዛት የሚሠራው ማህፀን ገና ትንሽ በሆነበት በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በእነዚያ ወራት ደግሞ ያለምንም ኦፕራሲዮንም ብዙ ጽንስ ይወርዳል። ስለዚህ ልዩነቱ የመሣሪያው ሳይሆን የወሩ ሊሆን ይችላል። በ2019 የወጣ ተመሳሳይ ትንተና ያን አንድ ጥናት አውጥቶ ሲያሰላ ልዩነቱ ከግምት የሚገባ ሆኖ አልተገኘም።

የአሜሪካ የጨጓራ አንጀትና ኢንዶስኮፒ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ አሁን ላፓራስኮፒ በየትኛውም የእርግዝና ወር ሊሠራ ይችላል ይላል። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ሴትዮዋ ቶሎ ትነሣለች፤ ከጠንካራ ሕመም ማስታገሻ ትገላገላለች። ቶሎ መነሣቷ ቀላል ነገር አይደለም። እርግዝና በራሱ ደም በእግር ሥር ውስጥ እንዲረጋ ያመቻቻልና። ሌላም ጥቅም አለ፦ ትርፍ አንጀቱ ጤነኛ ከሆነ በካሜራው እንቁልጢንና ሐሞት ከረጢትን ማየት ይቻላል።

ይህ ማለት ግን ሆድ ከፍቶ መሥራት የኋላ ቀር ሕክምና ነው ማለት አይደለም። በመጨረሻው ወር ማህፀን ሆዱን ሞልቶት ለመሣሪያ ቦታ ሊጠፋ ይችላል። በነፍሰ ጡር ላይ ላፓራስኮፒ ሠርቶ የማያውቅ ሐኪም ደግሞ በሚያውቀው መንገድ ቢሠራ ይሻላል። ማሽን ወዳለበት ለመላክ ሰዓታት ከሚባክኑ፣ እዚያው በሚታወቀው ቁስል ቶሎ ማውጣቱ ይመረጣል። ሕመሙ ይበልጥ በሚሰማበት ቦታ ላይ ቁስሉን ማሳረፍ ያረጀ ጥበብ ነው፤ አሁንም ይሠራል።

## ማደንዘዣው ልጁን ይጎዳል?

ብዙ እናቶች ከቢላው በላይ የሚፈሩት ይህን ነው። በተለመደው መጠን የሚሰጥ የማደንዘዣ መድኃኒት በየትኛውም ወር በሰው ጽንስ ላይ የአፈጣጠር ጉድለት እንደሚያመጣ አልታየም። በ2016 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያወጣው ማሳሰቢያ ግን ብዙ አወናብዷል። ማሳሰቢያው የሚናገረው ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚቆይ ወይም ስለሚደጋገም ማደንዘዣ ነው፤ ከሦስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናትና በመጨረሻው ሦስት ወር ባሉ ነፍሰ ጡሮች ላይ። የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ያስፈለገን ኦፕራሲዮን ለማዘግየትም ማሳሰቢያው ምክንያት አይሆንም።

እውነተኛው የማደንዘዣ ሥጋት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ነፍሰ ጡር ሳንባዋ ውስጥ የምታስቀምጠው አየር ያንሳል፤ ትንፋሿ ሲቋረጥ ኦክስጅኗ ቶሎ ይወርዳል። የጨጓራዋ ነገር ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ማደንዘዣ ሰጪው ሁለቱንም አውቆ ይዘጋጃል።

አንድ የሚያደናግር ምክር ደግሞ አለ፦ «ኦፕራሲዮን ካስፈለገ አራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ይጠበቅ» የሚል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ለሚቆይ ኦፕራሲዮን። የማታስቸግር እጢ ወይም ቀጠሮ የሚይዝ ሐሞት ከረጢት ከሆነ ይጠበቃል። ትርፍ አንጀት ግን ቀጠሮ አያውቅም።

## በመድኃኒት ብቻስ?

ወደ ዜናው እንመለስ። በ2020 በአሜሪካ የታተመው ጥናት 1,552 አዋቂዎችን አካተተ። ግማሾቹ በአንቲባዮቲክ ብቻ ታከሙ። ከእነዚህ ከ10ሩ ሦስቱ ያህል በ90 ቀን ውስጥ ኦፕራሲዮን ተደርገዋል። ከዚያ ቀደም በፊንላንድ በተደረገው ጥናት በመድኃኒት ከጀመሩት ውስጥ ከመቶ 39 የሚሆኑት በአምስት ዓመት ውስጥ ሕመሙ ተመልሶባቸዋል። ላላረገዘ ሰው እነዚህ ቁጥሮች መጥፎ አይደሉም። ቢመለስበት ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ይወጣለታል።

ለነፍሰ ጡር ስሌቱ ይለወጣል። የ90 ቀኑ ውጤት ለእሷ የቀሪ እርግዝናዋ ጉዳይ ነው። በአራተኛው ወር በመድኃኒት የተሻላት ሴት በሰባተኛው ወር ቢመለስባት፣ ማህፀኑ ገዝፎ፣ ምልክቱ ተደብቆ፣ ኦፕራሲዮኑ ከብዶ ይጠብቃታል። ጽንሱ ደግሞ ያለጊዜው ቢወለድ በጣም በሚጎዳበት ወቅት። የመድኃኒት ብቻ ሕክምናን የሚደግፉ ሐኪሞች በበኩላቸው ሁሉንም ሴት ኦፕራሲዮን ማድረግ ያልፈነዳ፣ ቀላል ሕመም ላላቸውም ያለልክ ነው ይላሉ። በትናንሽ ጥናቶች ያለ ኦፕራሲዮን በሰላም የወለዱ አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ማስረጃቸው ግን ገና ቀጭን ነው። የዓለም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማኅበር በ2020 ባወጣው የኢየሩሳሌም መመሪያ፣ የተሻለ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ በእርግዝና ወቅት ያለ ኦፕራሲዮን ማከምን አይመክርም። ምክሩ የቆመበት ማስረጃ ደካማ መሆኑንም አብሮ ተናግሯል፤ ሐቀኝነቱ ይበል የሚያሰኝ ነው።

አንቲባዮቲክ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሁሉም ይሰጣል። ለነፍሰ ጡር የሚስማሙ አሉ፤ ከሴፋሎስፖሪን ወገን የሆኑትና ሜትሮኒዳዞል ለምሳሌ። ቴትራሳይክሊን ግን የልጁን ጥርስና አጥንት ስለሚነካ ይተዋል። ለቀናት ቆይቶ መግሉ አንድ ቦታ የተቋጠረ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በመርፌ ማፍሰስና መድኃኒት መስጠት ሊመረጥ ይችላል። ይህን የሚወስነው ግን ምስሉን ያየ ሐኪም ነው።

## ከኦፕራሲዮን በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ማህፀን ሊኮማተር ይችላል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይቆማል። ምጥ ማስቆሚያ መድኃኒት «ለማንኛውም» ተብሎ ለሁሉም አይሰጥም፤ የሚሰጠው ያለጊዜው ምጥ መጀመሩ ሲታይ ነው። እርግዝናው ከ24 እስከ 34 ሳምንት ከሆነና መውለድ የቀረበ ከመሰለ፣ የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር የስቴሮይድ መርፌ ይታሰባል።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ከ20 ሳምንት በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም። የጽንሱን ኩላሊት ይነካሉ፤ የሽርት ውሃውም ሊቀንስ ይችላል። ደም መፍሰስ፣ የሽርት ውሃ መምጣት፣ በየተወሰነ ደቂቃ የሚመላለስ ቁርጠት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ትርፍ አንጀቷ የወጣላት ሴት በኦፕራሲዮን እንድትወልድ አትገደድም። ቁስሉ የሆድ ግድግዳ ላይ እንጂ ማህፀን ላይ አይደለም። ሌላ የወሊድ ምክንያት ከሌለ በምጥ መውለድ ትችላለች፤ ኦፕራሲዮኑ ከተደረገ ጥቂት ቀናት ብቻ ቢሆነው እንኳ።